የተቆረጠው ቄጤማ ሽታ

(ሐይቅ ከተማ ላይ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአርሶ አደሮች የተደረገ ንግግር። ከጥቂት የቃላት ማስተካከያ በስተቀር እንደተነገረ ቀርቧል።)

እንደምን አረፈዳችሁ? ጤና ይስጥልኝ! አሰላሙ ዓለይኩም!

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፤ አብራችሁኝ ጠመኔ የጨበጣችሁ መምህራን፤ ሥራችሁን አሳድራችሁ ከየቀበሌው የመጣችሁ አርሶ አደሮች፤ እናንተም ወንበር ጠብቧችሁ ከግድግዳው ሥር የቆማችሁ ልጆቼ፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ። ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ጉዳይ ግን ከእኔ ጋር ጡረታ አልወጣም። እንዲያውም ውሎ ባደረ ቁጥር ይበልጥ ይገርመኛል።

እስኪ በጥያቄ ልጀምር። ወደዚህ አዳራሽ ስትገቡ መጀመሪያ ምን ሸተታችሁ?

አዎ፣ ቄጤማ! ልጆቹ ዛሬ በማለዳ ከሐይቁ ዳር አጭደው አምጥተው ጎዝጉዘውታል፤ እጃቸው ይባረክ። ይህ ሽታ ለወሎ ሰው የደስታ ሽታ ነው። ዓመት በዓል ነው፣ መውሊድ ነው፣ ሠርግ ነው፣ እንግዳ የተቀበለ ቤት ነው። አሁን ሁለተኛውን ልጠይቃችሁ። ቄጤማው ሳይታጨድ፣ በቁሙ ሳለ፣ በአጠገቡ ስታልፉ እንዲህ ይሸታችኋል? አይሸታችሁም። የሚሸተው ሲታጨድ ነው። ሲረገጥ ነው። ሲቆስል ነው። ለምን?

የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ለዚህች ለአንዲት "ለምን" መልስ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት አንዲት ተማሪ ትምጣልኝ። ነይ ልጄ፣ አትፈሪ። ይህ ከኩታበር የመጣ ድንች ነው። እንካ ቢላዋ፤ ለሁለት ክፈይው። ጎሽ። የተቆረጠውን ፊት ወደ ላይ አድርገሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጭው። ውስጡ ነጭ እንደሆነ ሁላችሁም ተመልከቱልኝ። በኋላ እንመለስበታለን፤ ማንም እንዳይነካው አደራ።

በሦስት ነጥብ ከፍዬ እናገራለሁ። መጀመሪያ፣ ተክሉ አስቀድሞ አዘጋጅቶ ስላስቀመጠው መሣሪያ። ቀጥሎ፣ ቁስሉ ስለሚልከው መልእክት። በመጨረሻም፣ ይህ ሁሉ መከላከል ስለሚያስከፍለው ዋጋ።

እንግዲህ አንደኛው ነጥብ። ከብት አንበሳ ሲመጣበት ይሮጣል። ሰው ድንጋይ ሲወረወርበት ጎንበስ ይላል። ተክል ግን ከተተከለበት አይነቃነቅም። አንበጣ መጣ ብሎ አይሸሽም፤ ፍየል መጣች ብሎ አይደበቅም። ታዲያ መሮጥ የማይችል ፍጥረት ምን ይበጀዋል? ቤቱን የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ያደርጋል።

ሰናፍጭ የማያውቅ አለ? እናቴ በጾም ወራት ሰናፍጭ ፈጭታ ስትበጠብጥ ከአጠገቧ አልጠፋም ነበር። ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር ነበር። ዱቄቱን ሳሸተው ምንም የለውም። ውሃ ነክቶት ጥቂት ከቆየ በኋላ ግን አፍንጫ ይሰነጥቃል። "እማዬ፣ ቅድም የት ነበረ?" ስላት፣ "ተኝቶ ነበር፤ ውሃ ቀሰቀሰው" ትለኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ካስተማርሁ በኋላም ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

ዛሬ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን ይዤ መጥቻለሁ። ሁለቱም ውስጥ እኩል የተፈጨ ሰናፍጭ አለ። ወደ አዳራሹ ስገባ አንዱን በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሌላውን እየተፍለቀለቀ በነበረ ውሃ በጥብጬአለሁ። መምህር፣ እርስዎ ከፊት ያሉት፣ እስኪ ይምጡልኝ። ይህን ያሽትቱ። (መምህሩ አሽትተው ፊታቸውን መለሱ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።) ይቅርታ፣ ይቅርታ። አሁን ደግሞ ይህን። ምን ይላሉ? "ምንም የለውም።" እውነት ነው፤ ምንም የለውም ለማለት ይቀላል። ያው ሰናፍጭ ነው። ያው ወፍጮ ነው የፈጨው። ልዩነቱ የውሃው ሙቀት ብቻ ነው።

ምሥጢሩ ይህ ነው። በሰናፍጭ ፍሬ ውስጥ ሲኒግሪን የሚባል ንጥረ ነገር በአንድ ክፍል ይቀመጣል። ማይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም፣ ማለትም ሌላውን ንጥረ ነገር የሚለውጥ ፕሮቲን፣ ደግሞ በሌላ ክፍል ይቀመጣል። በመካከላቸው ግድግዳ አለ። ለየብቻቸው ሳሉ ማንንም አይጎዱም። ፍሬው ሲፈጭ ግድግዳው ይፈርሳል፤ ውሃ ሲጨመር ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ኢንዛይሙ ሲኒግሪንን ይሰብረዋል፤ ያ አፍንጫ የሚሰነጥቀው ዘይት ያን ጊዜ ይወለዳል። የፈላ ውሃ ግን ኢንዛይሙን ገደለው። ኢንዛይሙ ከሞተ ሲኒግሪኑ ሰባሪ አጥቶ እንደተኛ ይቀራል።

ይህን በደንብ ያዙልኝ፤ ሁለት ክፍል፣ በመካከል ግድግዳ። ተክሉ መርዙን ዝግጁ አድርጎ ቢያስቀምጠው ራሱን ይጎዳ ነበር። ስለዚህ ሳያገናኝ ያስቀምጠዋል። የሚያገናኘው ማን ነው? በይው ራሱ ነው። ጥርስ ሲያርፍበት ግድግዳው ይፈርሳል። ተባዩ የሚቀጣውን መርዝ በገዛ ጥርሱ ይቀምመዋል።

ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ ነው። ሳይላጥ የተቀመጠ ነጭ ሽንኩርት እዚህ ግባ የሚባል ሽታ የለውም፤ ሙቀጫ ውስጥ ገብቶ ሲወቀጥ ግን ሰፈሩን ያውዳል። ቀይ ሽንኩርት ደግሞ በዓይናችን ይመጣል። እንባ የሚያስወርደንን ጋዝ የሚሠራው ራሱን የቻለ ልዩ ኢንዛይም እንደሆነ የጃፓን ተመራማሪዎች ያሳወቁት በፈረንጆቹ 2002 ነው፤ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። አስቡት! የሰው ልጅ ሽንኩርት እየከተፈ ሲያለቅስ ስንት ሺህ ዓመት ኖሯል!

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ማሽላ። እዚህ ውስጥ ከቃሉ፣ ከባቲ፣ ከከሚሴ፣ ከቆቦ በኩል የመጣ አለ? እጃችሁን አሳዩኝ። ጎሽ። የምነግራችሁን ግማሹን ከእኔ በፊት ታውቁታላችሁ።

የተወለድሁት ሐርቡ አካባቢ ነው። የአሥር ዓመት እረኛ ሳለሁ ዝናብ ከመካከል የተቋረጠበት ዓመት መጣ። ማሽላው መልካም በቅሎ ሳለ ሰማዩ ናስ ሆነ። ቅጠሉ እንደ ሲጃራ ተጠቀለለ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲመለስ ከሥሩ አዲስ ለጋ አቆጠቆጠ። እንዴት ያለ ልምላሜ ነበር! ሻሼ የምንላት ጊደር ነበረችን፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ነበራት። ያን ቀን ከመንጋው ተለይታ ወደ ማሽላው ገባች። አየኋት። አየኋትና ተውኋት። ድርቁን ሙሉ የጎድን አጥንቷ ሲቆጠር ስለከረመ፣ ትብላ፣ ርቧታል ብዬ ተውኋት።

ብዙም አልቆየች። ከማሽላው ወጥታ ጥቂት እንደተራመደች ቀጥ አለች። እግሮቿን አንፈራጠጠች። ትንፋሿ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ፉ ፉ ይል ጀመር። አረፋ ደፈቀች። ከዚያ በጉልበቷ ወደቀች። አባባን ለመጥራት ሮጬ ስመለስ ዓይኗ እንደተከፈተ ቀርቷል።

አንዱ "እባብ ነው" አለ። ሌላው "ዓይን ነው" አለ። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ሼህ መጥተው አፏን ፈልቀቅ አድርገው ተመለከቱ። የታኘከው ለጋ ከምላሷ ላይ ነበር። "ማሽላው ነው። ለጋ ማሽላ ዝናብ ሲሸሸው ክፉ ይሆናል" አሉ። አባባ በትር ሲያነሡብኝም እጃቸውን ያዙና "አብሽሩ፣ ልጁ አላወቀም" አሏቸው። እውነታቸውን ነበር፤ አላወቅሁም። ዛሬ እዚህ የቆምሁበት አንዱ ምክንያት ያ ቀን ነው።

የሼሁን ቃል በኬሚስትሪ ቋንቋ ያገኘሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ማሽላ ውስጥ ዱሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። በቅጠሉ ሕዋስ ውስጥ፣ ውሃ በሞላው ከረጢት ተቀምጧል። ዱሪንን የሚሰብረው ኢንዛይም ደግሞ የሚገኘው ክሎሮፕላስት ውስጥ፣ ቅጠሉን አረንጓዴ በሚያደርገው ክፍል ነው። እንደገና ሁለት ክፍል! እንደገና ግድግዳ! ሻሼ ስታኝክ ግድግዳው ፈረሰ፤ ሁለቱ ተገናኙ፤ ሃይድሮጅን ሳያናይድ ተለቀቀ። ሳያናይድ የሰውነት ሕዋሳት ኦክስጅንን እንዳይጠቀሙ ያደርጋል። እንስሳው ይተነፍሳል፤ ደሙም ኦክስጅን ተሸክሟል፤ ሕዋሶቹ ግን ሊጠቀሙበት አይችሉም። ማዕድ ተዘርግቶለት አፉ እንደታሰረ ሰው ማለት ነው። በሳያናይድ የሞተ ከብት ደሙ ደማቅ ቀይ ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው። ከብትን ለመግደል ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 2 ሚሊ ግራም ገደማ ይበቃል። 200 ኪሎ ለምትመዝን ጊደር ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም።

አርሶ አደሮች ሆይ፣ ይህን ስሙኝ። መርዙ የሚበዛው በለጋው ላይ ነው። ድርቅ በመታው ላይ ነው። ከታጨደ ጉቶ ባቆጠቆጠው ላይ ነው። ተክሉ ባደገ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል፤ የምንበላው የደረሰ ፍሬማ የለበትም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የራበው ከብት ለጋ ማሽላ ውስጥ አይለቀቅ። ቁመቱ ከወገባችሁ በታች የሆነውን አታስግጡ። ከድርቅ በኋላ ዝናብ ሲመለስ የሚያቆጠቁጠውን ፈጽሞ አታስግጡ። መኖ ጨንቋችሁ ልትጠቀሙበት ግድ ከሆነ አጭዳችሁ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁት፤ ሲደርቅ መርዙ በአብዛኛው ይተናል። ከብቱ ተመርዞ ካያችሁትም ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጡ፤ በጊዜ ከተደረሰ ማርከሻ አለው። ልጆቻችሁን፣ በተለይ እረኞቹን፣ ንገሯቸው። እኔን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ስለ ቁልቋል በአጭሩ ብቻ ልበል። ስትነኩት ነጭ ወተት ይፈስሳል። ወተቱ በተክሉ ውስጥ በቀጫጭን ቧንቧዎች በግፊት ተይዞ ስለሚኖር ሲቆረጥ ፊጭ ብሎ ይወጣል፤ አየር ሲያገኘው ይጣበቅና ቁስሉን ይደፍነዋል። የነፍሳትንም አፍ ያጣብቃል። ለሰው ዓይን ግን አደገኛ ነው። ልጆች፣ የቁልቋል አጥር አጠገብ በዱላ አትጫወቱ። ዓይናችሁን ከነካው ወዲያው በብዙ ውሃ ታጥባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንሻገር።

እስከ አሁን የነገርኋችሁ ተዘጋጅቶ ስለተቀመጠ መሣሪያ ነው። አንድ ቅጠል ሲበላ ግን ሌሎቹ ቅጠሎች ይሰማሉ? ጎረቤት ሲዘረፍ ጎረቤት በሩን ይዘጋል? ይህን ጥያቄ በ1972 በሙከራ የመለሱት በአሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ክላረንስ ራያንና ግሪን የተባለው ባልደረባቸው ናቸው። በድንችና በቲማቲም ቅጠል ላይ ጥንዚዛ ለቀቁ። ጥንዚዛው የበላው ቅጠል ብቻ ሳይሆን ያልነካቸው ቅጠሎች ጭምር አንድ ልዩ ፕሮቲን አከማችተው ተገኙ። የዚያ ፕሮቲን ሥራ ምንድን ነው? በተባዩ ሆድ ውስጥ ገብቶ ምግብ የሚፈጩትን ኢንዛይሞች ማሰር ነው። ተባዩ ይበላል፣ ይበላል፣ አይጠግብም። ሆዱ ሞልቶ ይራባል።

ታዲያ ወሬውን ከቅጠል ወደ ቅጠል ማን አደረሰው? የራያን ቡድን መልእክተኛውን ሲፈልግ ዓመታት አሳለፈ። በ1991 ቲማቲም ውስጥ አንዱን አገኘው፤ 18 አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም የፕሮቲን ጡቦች፣ የተሰኩበት አጭር ሰንሰለት ነው። ስሙን ሲስተሚን አሉት። በሰውና በእንስሳት ውስጥ እንደ ኢንሱሊን ያሉ ከአሚኖ አሲድ የተሠሩ መልእክተኞች መኖራቸው ድሮም ይታወቅ ነበር። በተክል ውስጥ እንዲህ ያለ ሲገኝ ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር።

አሁን ደግሞ ተልባን አስቡልኝ። "ተልባ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?" ትሉኝ ይሆናል። ተልባ ስትፈጩ ወዝ የሚያወጣው ቅባት ውስጥ ብዙውን ቦታ የያዘው ሊኖሌኒክ አሲድ ይባላል። ይህ ቅባት በአረንጓዴ ቅጠል ሁሉ ውስጥም አለ፤ የክሎሮፕላስቱ ሽፋን የተሠራው በእርሱ ነው። ቅጠሉ ሲቆስል ከሽፋኑ ላይ ሊኖሌኒክ አሲድ ይለቀቅና ሁለት መንገድ ይዞ ይሄዳል። አንደኛው መንገድ ጃስሞኒክ አሲድ ወደሚባል ሆርሞን ይወስደዋል። ስሙ የመጣው ከጃስሚን ነው፤ ከእኛው ከጠምበለል ጋር አንድ ወገን ከሆነው አበባ። የዚህ ሆርሞን ዘመድ የሆነው ውሁድ መጀመሪያ ተለይቶ የታወቀው ከአበባው ሽቶ ዘይት ውስጥ ነበርና። ሽቶ ቀማሚዎች ያገኙት ነገር የዕፅዋት የጦር አዋጅ ሆኖ ተገኘ!

አዋጅ ያልሁት በምክንያት ነው። በሰላሙ ጊዜ የመከላከያ ጂኖችን ቆልፈው የሚጠብቁ ፕሮቲኖች አሉ። ጃስሞኒክ አሲድ ሲመጣ እነዚያ ቆላፊዎች ተሰባብረው ይወገዳሉ። ያን ጊዜ ሕዋሱ ጎተራውን ይከፍታል፤ ሆድ የሚያስሩ ፕሮቲኖች ይመረታሉ፤ መራራ ነገር ይመረታል፤ ቁስሉን የሚደፍን ነገር ይመረታል።

ሁለተኛውን መንገድ አቆዩልኝ፤ አሁን እመጣበታለሁ።

በ2018 የወጣ አንድ ጥናት ላይ፣ ማሳትሱጉ ቶዮታና ሳይመን ጊልሮይ የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር የቁስሉን ወሬ በዓይን እንዲታይ አደረጉ። ካልሲየም ሲበዛ የሚያበራ ፕሮቲን ያላት ትንሽ ተክል አዘጋጁ። አባጨጓሬ ቅጠሏን ስትቆርጥ ከቁስሉ ላይ ብርሃን ይነሣል። ብርሃኑ በቅጠሉ ሥር በኩል ወጥቶ ወደ ሌሎቹ ቅጠሎች ይፈስሳል፤ በሰከንድ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በደቂቃዎች ውስጥ ሩቅ ያሉት ቅጠሎች ያበራሉ። ይህን ማዕበል የሚያስነሣው ደግሞ ግሉታሜት ነው፤ በእኛ አንጎል ውስጥ ነርቭ ከነርቭ ጋር የሚነጋገርበት ያው ንጥረ ነገር።

ይህን ክፍል ውስጥ ስነግራቸው አንድ ተማሪዬ እጁን አውጥቶ፣ "መምህር፣ ታዲያ ያመዋል ማለት ነው?" አለኝ። ያ ልጅ ከሳምንት በፊት በግቢው የጥድ ዛፍ ላይ ስሙን በምላጭ ሲቀርጽ ያየሁት ልጅ ነው። ለእርሱ የመለስሁለትን ለእናንተም እመልሳለሁ። ሕመም የሚሰማው አንጎልና ነርቭ ያለው ፍጥረት ነው፤ ተክል ሁለቱም የሉትም፤ ስለዚህ ያመዋል አልልም። መቁሰሉን ግን ያውቃል። ያውቃል ስል፣ ቁስሉ የት እንደደረሰ ለይቶ በዚያው ልክ ይሠራል ማለቴ ነው። ማወቅና መታመም ለየቅል ናቸው። ልጁ ከዚያ ወዲያ ዛፉን እየዞረ ቁስሉ ለመዳን ስንት ቀን እንደሚፈጅ ሲከታተል አየሁት፤ ሙጫው ሲደርቅ መጥቶ ነገረኝ።

እንግዲህ ወደ ቄጤማችን እንመለስ። ሊኖሌኒክ አሲድ ሁለት መንገድ አለው ብዬ ነበር። ሁለተኛው መንገድ በፍጥነት ወደሚተኑ ትናንሽ ውህዶች ይወስደዋል። እነርሱ ናቸው ያ የተቆረጠ ሣር ሽታ! ማጭዱ ባረፈበት ቅጽበት፣ በሰከንዶች ውስጥ ይወጣሉ። ዛሬ አዳራሹን የሞላው ሽታ የቄጤማው የቁስል ወሬ ነው። እኛ በዓል ብለን የምናሸተው እርሱ "ተቆረጥሁ" የሚልበትን ነው።

ለማን ነው የሚናገረው? አንደኛ፣ ጎረቤቶቹ ይሰማሉ። ፋርመር የተባለ ተመራማሪና ያው ራያን በ1990 ባሳወቁት ሙከራ፣ ከጃስሞኒክ አሲድ ዘመዶች አንዱን በብዛት የምታተን ቁጥቋጦና የቲማቲም ችግኞች በአንድ ዝግ ዕቃ ውስጥ አብረው ተቀመጡ። ቲማቲሞቹ ማንም ሳይነካቸው መከላከያቸውን አዘጋጁ። በአየር ብቻ!

ሁለተኛው ሰሚ ግን እጅግ ይገርመኛል። በቆሎን አባጨጓሬ ሲበላው፣ በሰዓታት ውስጥ ሌላ ዓይነት ሽታ ያወጣል። ሽታውን ተከትለው የሚመጡ ጥቃቅን ተርቦች አሉ። ተርቧ አባጨጓሬው ላይ ታርፍና እንቁላሏን በሰውነቱ ውስጥ ትጥላለች፤ እጮቿ ከውስጥ ይበሉታል። በቆሎው የጠላቱን ጠላት ጠርቷል ማለት ነው። ይበልጥ የሚደንቀው ደግሞ ማጭድና አባጨጓሬን መለየቱ ነው። ቅጠሉን በምላጭ ብቻ ብትቆርጡት ይህ ጥሪ ደካማ ነው። የአባጨጓሬው ምራቅ ቁስሉን ሲነካው ግን ጥሪው ይበረታል። ከምራቁ ውስጥ ይህን የሚያደርገው ንጥረ ነገር በ1997 ተለይቶ ቮሊሲቲን ተባለ። ተክሉ ማን እንደነከሰው ከምራቁ ያውቃል!

የአሜሪካ ተምች በፈረንጆቹ 2017 አገራችን ሲገባ ስንት ማሳ እንዳወደመ የምታስታውሱ ናችሁ። ያን ጊዜ ሁላችንም ወደ መርጫ ሮጥን። የሮጠውን አልወቅስም፤ ልጆቹን የሚያበላው ከዚያ ማሳ ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ አባጨጓሬውን ሲገድል ጥሪውን ሰምታ የመጣችውንም ተርብ ይገድላል። በምሥራቅ አፍሪካ ናይሮቢ የሚገኘው ኢሲፔ የተባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ሌላ መንገድ አሳይቷል። በበቆሎና በማሽላ መካከል ዴስሞዲየም የሚባል የመኖ ተክል ይዘራል፤ በማሳው ዙሪያ የዝሆን ሣር ይተከላል። የዴስሞዲየም ሽታ የአገዳ ቆርቁር እናት የሆነችውን የሌሊት ቢራቢሮ ያባርራል፤ የዙሪያው ሣር ይጠራታል። እንዲያውም ሞላሰስ ሣር የሚባለው፣ ማንም ሳይነክሰው ቁስለኛ ተክል የሚያወጣውን ዓይነት ሽታ እያወጣ ተርቦችን ይጠራል። ዴስሞዲየም ከሥሩ በሚያወጣው ነገር አቀንጭራንም ያዳክማል። አቀንጭራ ማሽላውን የሚጨርስባችሁ የቆቦ ሰዎች፣ ይህን ከግብርና ባለሙያዎቻችሁ ጋር በደንብ ተነጋገሩበት።

ሦስተኛው ነጥብ፤ ዋጋው። ጊዜዬ እያለቀ መሆኑን ሰብሳቢው በዓይናቸው እየነገሩኝ ነው። ይህን ግን ሳልናገር አልወርድም።

መከላከል በነጻ አይገኝም። ሙጫውም፣ መርዙም፣ ሽታውም የሚሠሩት ተክሉ በቅጠሉ ከሰበሰበው ምግብ ነው። ጃስሞኒክ አሲድ የሚበዛበት ተክል እድገቱ ይገታል። ለጦር የወጣ ገበሬ እርሻው ዳዋ ይውጠዋል፤ እንደዚያ ነው።

ይህን በዓይኔ ያየሁት አበርገሌ ነው። ዋግ ዛሬ ለብቻው ዞን ቢሆንም ድሮ የወሎ አውራጃ ነበር፤ በዚያ ቆላ የእጣን ዛፍ ይበቅላል። ቡና ሲፈላ ከከሰሉ ላይ ጣል የምናደርገው እጣን ከየት እንደሚመጣ ስንቶቻችን አስበን እናውቃለን? ደረቁ ወራት ሲገባ ሠራተኛው በስለታም ብረት የዛፉን ልጥ በስሱ ይልጣል። በልጡ ውስጥ የሙጫ ቧንቧዎች እንደ መረብ ተዘርግተዋል። ሲቆረጡ ነጭ ፈሳሽ ያነባል፤ ፈሳሹ ቁስሉን ይሸፍናል፤ የሚቦረቡር ነፍሳትንም አስጥሞ ያስቀራል። ሲደርቅ ይለቀማል። ከዚያ ያው ቁስል እንደገና ይታደሳል፤ እንደገና፣ እንደገና፣ እስከ ክረምት መግቢያ። ዛፉ ቁስሉን ለመዝጋት ያወጣውን መድኃኒት ወስደን ቁስሉን መልሰን እንከፍተዋለን።

እኔን ያስጎበኘኝ ለቃሚ ጎልማሳ አንድ ግንድ ላይ እጁን አሳርፎ፣ "ጋሼ፣ ይኸኛው ከእንግዲህ የሚሰጠኝ የለውም" አለኝ። ጠጋ ብዬ አየሁት። ቁስሉ ላይ ቁስል ተደርቦ ልጡ እንደ ተቃጠለ ምጣድ ጠቁሯል። በአንዱ ቀዳዳ ጥንዚዛ ገብቶ የቦረቦረው እንጨት ዱቄት ሆኖ ይረግፍ ነበር። "ልጆቹስ?" አልሁት፤ የዛፉን ችግኞች ማለቴ ነበር። ዙሪያውን በእጁ አሳየኝ። በዚያ ተዳፋት ላይ ከጉልበቴ የሚበልጥ አንድም ወጣት ዛፍ አላየሁም።

ይህ የአንድ ተዳፋት ብቻ ታሪክ አይደለም። በ2019 የወጣ ሰፊ ጥናት የኢትዮጵያን፣ የኤርትራንና የሱዳንን የእጣን ደኖች መርምሮ፣ ከ75 በመቶ በላይ በሚሆኑት ውስጥ ወጣት ዛፍ እንደሌለ አሳይቷል። በዚህ ከቀጠለ የእጣን ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል ብሏል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እሳት አለ፣ ልቅ ግጦሽ አለ፣ ቦርቧሪ ጥንዚዛ አለ፣ የማያሳርፍ ብረትም አለ። በብዛት የሚቆስል ዛፍ የሚሰጠው ዘር ቁጥሩ ያንሳል፣ ክብደቱም ይቀላል፣ ለመብቀልም አቅም ያጣል። ለልጆቹ ያስቀመጠውን ስንቅ ለቁስሉ አውጥቶታልና! እባካችሁ፣ ለእጣን ለቀማ ፈቃድ የምትሰጡ ወገኖች፣ ዛፉን ዓመት እየለያችሁ አሳርፉት። ቀጭኑን ግንድ ተዉት። ችግኞቹን ከፍየልና ከእሳት ከልሉ። የለቃሚውንም እንጀራ አስቡ፤ ዛፉ ሲሞት እርሱ ነው መጀመሪያ የሚራበው።

አሁን ወደ ድንቹ። ልጄ፣ ነይ፤ አንሥተሽ ለሁሉም አሳይልኝ። ምን መሰለ?

ነጭ የነበረው ፊት ቡናማ ሆኗል። እዚህም ሁለት ክፍል ነበረ፤ ቢላዋው ግድግዳውን አፈረሰው። ፌኖል የሚባሉት ውህዶች ከኢንዛይማቸው ጋር ተገናኙ፤ ከአየሩ ኦክስጅን ወሰዱ፤ ለሻጋታና ለባክቴሪያ የማይመች፣ የሚጣበቅ ቀለም ሠሩ። ግን ገና ሥራውን አልጨረሰም። ከዚህ በታች ያሉት ሕዋሳት ሱበሪን የሚባል፣ እንደ ቡሽ ውሃ የማያሳልፍ ነገር መሥራት ይጀምራሉ፤ ቀጥለውም አዲስ ቆዳ ያበጃሉ። የኩታበርና የደሴ ዙሪያ ገበሬዎች፣ ዘር የሚሆነውን ድንች ከከፈላችሁ በኋላ ሳትቸኩሉ ጥቂት ቀን አሳድራችሁ ስትተክሉት ቁስሉ መሬት ውስጥ እንዳይበሰብስ የሚረዳው ይህ ቆዳ ነው።

አንቺ ልጅ፣ ይህን ግማሽ ድንች ወደ ቤት ውሰጅው። ፀሐይ የማያገኘው፣ ትንሽ ርጥበት ያለው ጥላ ቦታ አስቀምጭው። በየማታው የቆረጥሽውን ፊት በጣትሽ እየዳሰስሽ የተሰማሽን ደብተርሽ ላይ ጻፊ። መጀመሪያ እርጥብ ይሆናል፤ ቀጥሎ ይደርቃል፤ በሳምንቱ ገደማ እንደ ወፍራም ወረቀት ሲሻክር ታገኝዋለሽ። ያን ጊዜ በስለታም ምላጭ፣ መምህርሽ ባሉበት፣ በጣም ስስ አድርገሽ ቁረጭውና በማይክሮስኮፕ ተመልከችው። እንደ ጡብ የተደረደሩ አዳዲስ ሕዋሳት ታያለሽ። እኔ እዚሁ ሐይቅ እስከ መጪው እሑድ እቆያለሁ። ደብተርሽን ይዘሽ ነይና አብረን እንየው።

አመሰግናለሁ።